የሚሸጥ ቤት ፎቶግራፍና የገዢው እምነት

ያገራችን ሰው በግ ሲገዛ ላቱን ጨብጦ፣ ጤፍ ሲሸምት ከጆንያው ዘግኖ፣ ነጠላ ሲመርጥ ፈትሉን በጣቱ ዳስሶ ነው። ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልለት እጁ ያላረጋገጠውን ነገር በቀላሉ አያምንም። ዳሩ ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ዛሬ ከበጉም፣ ከጤፉም፣ ከነጠላውም በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጠውን ንብረት፣ ይኸውም ቤትን፣ ለመግዛት ሲነሣ የመጀመሪያውን ሐሳቡን የሚቆርጠው በእጅ ስልኩ ላይ በሚያየው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በዚያ ሰዓት ግድግዳውን አያንኳኳም፤ ጎረቤቱን አይጠይቅም። ፎቶግራፉ ደስ ካሰኘው ይደውላል፤ ካላሰኘው በጣቱ ገፍቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እንግዲህ የቤትን ፊት ከውጭ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ተራ ነገር የሚታይ ሥራ መሆኑ ቀርቶ፣ የሰው የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚመራበት ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ውስጥ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ከትምህርት ሰዓታቸው በኋላ ካሜራ ይዘው ለደላላና ለቤት ሻጭ የሚያነሡ ተማሪዎች አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ የሚመረምሩ፣ ውል የሚመዘግቡ፣ የሸማች አቤቱታ የሚቀበሉ ወጣት ሠራተኞች አሉ። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳነው ሁለቱንም ወገኖች በማሰብ ነው።

ልንናገር የምንፈልገው ባጭሩ ይህ ነው። ቤትን አሳምሮ ማንሣት የተገባ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ሊያገኘው የሚገባው ፍትሕ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉ ለገዢው የተሰጠ የምስክርነት ቃል ስለሆነ፣ ማሳመሩ ገዢው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ አብሮት የሚኖረውን ነገር እስከ መደበቅ ሊደርስ አይገባውም።

አንድ ያየነው ነገር

ከጥቂት ጊዜ በፊት በኅዳር ወር ከመካከላችን አንዱ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚሸጥ ቤት በማስታወቂያ አይቶ አብረነው ሄደን ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ቤቱ ብቻውን በሰፊ መስክ መካከል ቆሞ፣ ከፊቱ ለምለም ሣር ተዘርግቶ፣ ከበላዩ ደመና የሌለበት ሰማይ ይታያል። ከስፍራው ስንደርስ ግን ሣር የተባለው ከግቢው በር እስከ ደረጃው ድረስ በእግር ሲለካ ሰባት ርምጃ ሆነ፤ ያውም ግማሹ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ከአንደኛው መስኮት ፊት ለፊት የመብራት እንጨት ቆሟል። በስተግራ በኩል ደግሞ አራተኛ ፎቁ ላይ የደረሰ የጎረቤት ሕንጻ ግቢውን ከጧት ፀሐይ ጋርዶታል። ከነዚህ ሁሉ አንዱም በፎቶግራፉ ላይ አልነበረም።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፎቶግራፉን ከስልካችን ላይ ስናሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱት።

«ይኼ የማን ቤት ነው?» አሉን።

«የርስዎ ነው፣ ጋሼ» አልናቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ቤቴ ምን ጎድሎት ነው እንዲህ ያደረጉት? ስድስት ሰው መጥቶ ከበር ተመለሰ። እኔ ደግሞ ዋጋው በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ ነበር» አሉ።

በእውነቱም ቤቱ የጎደለው ነገር አልነበረም። ድንጋዩ በጥሩ ግንበኛ የተጠረበ ነው፤ በረንዳው ሰፊ ነው፤ ከደረጃው አጠገብ ራሳቸው የተከሉት የኮክ ዛፍ አለ። በፎቶግራፉ ላይ ይህ ዛፍ እንኳ ጠፍቶ በምትኩ ዘንባባ ገብቷል። እኛም ከኛ በፊት እንደ መጡት ሰዎች ቤቱን በራሱ መልክ ማየት ትተን፣ ከፎቶግራፉ ጋር እያስተያየን የጎደለውን ስንቆጥር ቆየን። የሐሰት ፎቶግራፍ የሚጎዳው ገዢን ብቻ ሳይሆን ሻጭንም ጭምር መሆኑን ያን ዕለት ተረዳን።

ካሜራ መስተዋት አይደለም

ብዙ ሰው ፎቶግራፍ ያለውን እንዳለ የሚያሳይ መስተዋት ይመስለዋል። የፎቶግራፍ ታሪክ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከዚህ የተለየ ነገር ይነግረናል። በካሜራ ከተነሡትና እስከ ዛሬ ከቆዩት ፎቶግራፎች ሁሉ የመጀመሪያው የሚባለው፣ ኒሴፎር ኒዬፕስ የተባለ ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ሆኖ ያነሣው ነው። በላዩ ላይ የሚታየውም የሰው ፊት ሳይሆን የቤቶች ጣሪያና ግድግዳ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ደካማ ስለ ነበረ ለብዙ ሰዓት ክፍት ሆኖ መቆየት ነበረበት። ፀሐይም በዚያ ጊዜ ውስጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለ ዞረች በቀኝና በግራ ያሉት ግድግዳዎች ሁለቱም ባንድ ጊዜ ፀሐይ የመታቸው መስለው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በዐይኑ ያየ ሰው የለም።

እንደዚሁም ሉዊ ዳጌር በ1838 በፓሪስ ከተማ አንድ ሰፊ መንገድ ከነቤቶቹ ባነሣ ጊዜ፣ ይተላለፉ የነበሩት ሰዎችና ሠረገላዎች ባንድ ቦታ ረግተው ስላልቆሙ ሳይታዩ ቀሩ። ጎልቶ የተገኘው ባንድ ጥግ ቆሞ ጫማውን ሊስትሮ የሚያስጠርግ አንድ ሰው ነው። ማንም ሊያታልል አላሰበም፤ ነገር ግን ሁካታ የበዛበት መንገድ ጭር ያለ መስሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የቤትን መልክ በማንሣት ስማቸው ከታወቀው ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጁልየስ ሹልማን ነው። በ1960 ፒየር ኮኒግ የተባለው አርክቴክት በሎስ አንጀለስ ኮረብታ ላይ የሠራውን ባለመስተዋት ቤት ሲያነሣ፣ ከሥር ያለው የከተማው መብራት በፊልሙ ላይ እንዲቀረጽ ካሜራውን ለሰባት ደቂቃ ያህል ከፍቶ አቆየ፤ በቤቱ ውስጥ የተቀመጡትን ሁለት ወጣት ሴቶች ደግሞ በብልጭታ አበራቸው። ሥራውም በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የቤት ፎቶግራፎች አንዱ ሆነ። ይኸው ሰው ገና አትክልት ያልጸደቀበትን ግቢ ለማስዋብ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከካሜራው ፊት እስከ ማቆም ይደርስ እንደ ነበር ይታወቃል።

ከዚህ የምንረዳው ካሜራ ሁልጊዜ የሚመርጥ መሆኑን ነው። የሰዓት ምርጫ አለ፤ የስፍራ ምርጫ አለ፤ የሚታየውና የማይታየው ነገር ምርጫ አለ። ስለዚህ ጥያቄው «ፎቶግራፍ አንሺው መርጧልን?» የሚል ሳይሆን «ለማን ብሎና ለምን ዓላማ መረጠ?» የሚል መሆን አለበት። ሹልማን ይሠራ የነበረው የአርክቴክትን ጥበብ በመጽሔት ለማሳየት ነው፤ መጽሔቱን ያነበበ ሰው በዚያ ቅርንጫፍ ምክንያት ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ አልነበረም። ያው ቅርንጫፍ በሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ ላይ ሲገባ ግን ዋጋ የተቆረጠበት ዛፍ ይሆናል።

የአዲስ አበባ ፀሐይ

ሳያታልሉ ማሳመር ይቻላልን? ያለ ጥርጥር ይቻላል። ከሁሉ በፊት የሚረዳው ብርሃን ነው። ብርሃን ደግሞ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጥቂት ዕውቀት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት በቀትር ጊዜ ፀሐይ ወደ አናት ተጠግታ ትውላለች። በዚያ ሰዓት የተነሣ ቤት የጣሪያው ክፈፍ ጥላ በግድግዳው ላይ ወርዶ መስኮቱንና በሩን ያጠቁርበታል፤ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል፤ ቀለሙ ይገረጣል። ደግ የሆነው ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምታበራ የድንጋዩ ጥርብ፣ የበረንዳው ዓምድና የደረጃው እርከን እያንዳንዱ ጥላውን ጥሎ ጎልቶ ይታያል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ቤት በጧት፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ቤት ወደ ማታ መነሣት እንዳለበት ለማንም ግልጽ ነው።

አስቸጋሪው ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ቤት ነው፤ የመምህሩም ቤት እንዲህ ያለ ነበር። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በዚያ የበጋ ወራት የሰሜኑ ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ ከቶ አያገኝም። በቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን አልፋ የምትታየው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ብዙው ዝናብና ደመና የሚበዛበት ጊዜ ነው። ይህን ያላወቀ ፎቶግራፍ አንሺ በኅዳር ወር ሦስት ቀን ተመላልሶ ቤቱን ሁልጊዜ ጠቁሮ ሲያገኘው ወደ ኮምፒዩተር ይሮጣል።

ያወቀ ሰው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ቀለሙን ሳይለቅ፣ የቤቱን መብራት ሁሉ አብርቶ ያነሣዋል። ያን ጊዜ የፀሐይ ጥላ የለም፤ የመስኮቱ ብርሃን ቤቱ ሰው ያለበት መሆኑን ይናገራል። ባገራችን ምሽቱ ቶሎ ስለሚጨልም ይህ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያው ላይ አስቀድሞ አቁሞ መጠበቅ ያሻል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ለነገ ከመቅጠር በቀር ሌላ መላ የለውም።

ከወራት ሁሉ የሚመረጡት መስከረምና ጥቅምት ናቸው። ዝናቡ አቧራውን ከአየሩ ላይ አጥቦታል፤ ሣሩም ገና አልደረቀም። ይህን ጊዜ መርጦ ማንሣት ማሳመር እንጂ ማታለል አይደለም፤ ቤቱ በእውነት በዚያ ወር እንዲያ ይመስላልና። ሆኖም ገዢ የሆነ ሰው «ይህ መንገድ በሐምሌ ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

የት ተቁሞ ይነሣ?

ያገራችን ቤት አብዛኛውን ጊዜ በአጥር ውስጥ ነው። ከመንገድ ቢቆሙ የሚታየው የግንቡ አጥርና የብረት በሩ ነው፤ ከግቢው ውስጥ ቢቆሙ ደግሞ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ስፍራ የለም። በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው፣ ጣሪያው አልገባ ሲል ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ቤቱ ወደ ኋላ ሊወድቅ የተቃረበ ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ እጅግ ሰፊ አድርጎ የሚያይ ሌንስ መጠቀም ነው። እንዲህ ያለው ሌንስ ቅርብ ያለውን ያስረዝማል፣ ሩቅ ያለውን ያርቃል። ሰባት ርምጃ የነበረውን ሣር መስክ ያስመሰለው ይኸው ነው። በእጅ ስልክ ላይ «0.5» ተብሎ የተጻፈው ምርጫ ይህን የሚያደርግ ስለሆነ፣ ለሚሸጥ ቤት ባይነካ ይሻላል። በትልቁ ካሜራም ቢሆን ከ24 ሚሊሜትር ያላነሰ ሌንስ ቢያዝ ቤቱ ሰው በዐይኑ ከሚያየው ብዙ አይርቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ግንበኛ ድንጋዩን በውሃ ልክ እንደሚያስተካክል ሁሉ ካሜራውም ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ተስተካክሎ መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ ከፍታ መፈለግ ነው። አንድ መሰላል፣ ወይም በመንገዱ ማዶ ካለው ጎረቤት ፈቃድ ጠይቆ ከሰገነቱ ላይ መውጣት ብዙውን ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። ድሮን የሚባለውን በራሪ ካሜራ የሚጠቀም ሰው ግን አስቀድሞ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት አይዘንጋ።

ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩ ሌንሶችም አሉ። የጃፓኑ ኒኮን በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለትንሹ ካሜራ ያወጣው ሌንስ ካሜራው ሳያዘነብል ሌንሱ ብቻ ወደ ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ነው። ዛሬ ይህን ማስተካከል በኮምፒዩተርም ይቻላል። የተንጋደደን ግድግዳ በኮምፒዩተር ማቅናት ውሸት ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ግድግዳው በእውነት ቀጥ ብሎ የቆመ ነውና። ያጋደለው ካሜራው ነው።

መጥረጊያና ኮምፒዩተር

እንግዲህ የተፈቀደውና ያልተፈቀደው በምን ይለያል? እኛ እንደሚመስለን ወጣቱ ፎቶግራፍ አንሺ በቀላሉ ሊያስታውሰው የሚችል አንድ መለኪያ አለ። በመጥረጊያና በእጅ ሊነሣ የሚችለውን ነገር ከፎቶግራፉ በፊት አንሣው፤ በኮምፒዩተር ብቻ ሊጠፋ የሚችለውን ግን ተወው።

ግቢው ይጠረግ፤ በበሩ ላይ የቆመው መኪና ይነሣ፤ የተሰጣው ልብስና የውሃው ባልዲ ይግባ፤ መስኮቱ ይወልወል፤ አበባው ይከርከም፤ በጥግ የተከመረው የግንባታ ትራፊ ይጋዝ። እንግዳ ሲመጣ ቤት መጥረግ የቆየ ባህላችን ነው፤ እንግዳን ማታለል ተብሎ አያውቅም። ይህን ሳያደርጉ ማንሣት እንዲያውም በባለቤቱ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በችኮላ፣ በቀትር፣ ከመኪና መስኮት ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ሠላሳ ዓመት የተደከመበትን ቤት ከዋጋው በታች ያስገምተዋል። አስቀያሚ ፎቶግራፍም በበኩሉ የሐሰት ምስክር ነው።

የመብራቱ እንጨትና ሽቦው፣ በጎረቤት የቆመው ሕንጻ፣ በግድግዳው ላይ የወረደው ስንጥቅ፣ በጣሪያው ላይ የተቀመጠው የውሃ ሮቶ ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ገዢው ቁልፉን በተረከበ ማግስት በር ሲከፍት እነዚህን ሁሉ በየቦታቸው ያገኛቸዋል። ሻጩ መብራት ኃይልን አስፈቅዶ እንጨቱን ካስነሣ፣ ወይም ስንጥቁን በግንበኛ ካስጠገነ በኋላ ቢያስነሣ ማንም አይቃወመውም። ሥራውን ሳይሠሩ ሥዕሉን ብቻ መጠገን ግን ዕዳውን ወደ ገዢው ማስተላለፍ ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ማታለል የብዙ ሰዓት ድካምና የባለሙያ እጅ ይጠይቅ ስለ ነበረ ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚደፍሩት። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚባለው መሣሪያ አንድ መስመር ትእዛዝ ቢጽፉለት በጥቂት ሴኮንድ ሣር ያበቅላል፣ ዘንባባ ይተክላል፣ እንጨት ይነቅላል። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። መልካሙን ብርሃን ጠብቆ እውነተኛውን ቤት ማንሣት አንድ ቀን ሲፈጅ፣ ሐሰተኛውን መሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ድካሙ ራሱ ይከለክለው የነበረውን ነገር ዛሬ ሊከለክለው የሚችለው የሰው ኅሊናና የሕግ ጥበቃ ብቻ ነው።

ገና ያልተሠራ ቤት ፎቶግራፍ

ከዚህም የባሰ አለ። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት የሚሸጠው መሠረቱ ሳይወጣ፣ አንዳንዴም ቦታው ገና ሳይቆፈር ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ግን የሚያበራ ፎቅ፣ ከሥሩ መዋኛ፣ በዙሪያው የተተከለ ዛፍ፣ ከፊቱ መኪና የማይበዛበት ሰፊ ጎዳና ነው። ይህ ፎቶግራፍ ሳይሆን በኮምፒዩተር የተሠራ ሥዕል ነው። የዛሬ ሥዕል ግን ከፎቶግራፍ ሊለይ በማይችልበት ደረጃ ላይ ስለ ደረሰ፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰው የቆመ ቤት መስሎት ይመለከተዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

ሥዕል ማሳየቱ በራሱ ወንጀል ነው ማለታችን አይደለም። አርክቴክት ሐሳቡን በሥዕል ማሳየቱ ከጥንት የነበረ ነው። ክፉው ነገር ሥዕሉ ሥዕል መሆኑ አለመነገሩ ነው። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ ታክሲ ይዞ ቦታውን ሄዶ ማየት ይችላል። በአሜሪካ በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ሌሊቱን ሲሠራ የሚያድር ወንድማችን፣ ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ግን ሥዕሉን ብቻ አምነው ነው የብዙ ዓመት ላባቸውን የሚልኩት። ለነርሱ ማስታወቂያው ዐይናቸው ነው። በሌላ ሰው ዐይን ላይ መቀለድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ተገቢ ነው እንላለን። አንደኛ፣ በሥዕሉ ላይ በጉልህ ፊደል «ይህ ሥዕል ነው፤ ቤቱ ገና አልተሠራም» የሚል ቃል ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ቦታው ዛሬ የሚገኝበትን ሁኔታ የሚያሳይ፣ የተነሣበት ቀን የተጻፈበት እውነተኛ ፎቶግራፍ ከጎኑ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ያው ፎቶግራፍ ከአንድ ቦታ ላይ በየጊዜው እየተነሣ ለገዢው ይላክ። ሦስተኛው ነገር ለሐቀኛ ድርጅት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ግንቡ በየወሩ ከፍ ሲል ከሚታይበት ፎቶግራፍ የበለጠ ገዢን የሚያሳምን ነገር የለምና።

ሕጉ ምን ይላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የዛሬው ዓይነት መሣሪያ አልነበረም። ሆኖም በ1704ኛው አንቀጽ፣ በተንኰል ባይታለል ኖሮ ውሉን አይዋዋል የነበረ ሰው የገባው ውል ሊፈርስ እንደሚችል ተደንግጓል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሪል ስቴት ልማትና ግብይት ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የውጭ አገር ዜጎች በተወሰነ ሁኔታ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበት አዋጅ ጸድቋል። ይህ ማለት ቤታችንን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቁ፣ ከሩቅ ሆነው የሚገዙ ሰዎች ቁጥር እየበዛ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ በቀጥታ ነክተውታል። በብሪታንያ በ1991 የወጣው፣ በንብረት ሽያጭ ሐሰተኛ መግለጫ መስጠትን የሚከለክለው ሕግ፣ መግለጫ የሚባለው በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልም የሚሰጠው መሆኑን በግልጽ ጽፎ ነበር። ሕጉ በ2013 ተሽሮ ጉዳዩ በጠቅላላው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሥር ቢገባም፣ አሳሳች ማስታወቂያ መከልከሉ አልቀረም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ደላላ በኮምፒዩተር የተለወጠ የቤት ፎቶግራፍ ሲያወጣ መለወጡን ከፎቶግራፉ አጠገብ እንዲናገርና ያልተነካውን ፎቶግራፍ ገዢው የሚያገኝበትን መንገድ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ብርሃንና ቀለም ማስተካከል፣ የተንጋደደ ማቅናት፣ ጠርዝ መቁረጥ ግን እንደ መለወጥ አይቆጠርም። ይህ ከላይ ስለ መጥረጊያና ስለ ኮምፒዩተር ከተናገርነው ጋር የሚቀራረብ ነው። የሌላ አገር ሕግ ሁሉ ለኛ ይስማማል ባንልም፣ ያልተነካው ፎቶግራፍ አብሮ ይቅረብ የሚለው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሌለበት በመሆኑ በማስታወቂያና በሸማች ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ወጣቶች ሊያስቡበት ይገባል።

አንዳንድ ደላላ «ሁሉም ያሳምራል፤ ገዢው መጥቶ ራሱ ያየው የለም ወይ?» ይላል። መልሳችን ሁለት ነው። ሁሉም መምጣት አይችልም፤ የመጣውም ቢሆን ከተስፋው ያነሰ ነገር ሲያገኝ ቤቱ መልካም እንኳ ቢሆን ልቡ ይሸፍታል። የመምህሩ ስድስት እንግዶች ምስክሮች ናቸው።

ለገዢም የምንመክረው አለን። የምታየው ነገር ፎቶግራፍ ነው ወይስ ሥዕል ብለህ ጠይቅ። የተነሣበትን ወርና ሰዓት ጠይቅ። የቤቱን ፊት ብቻ ሳይሆን ከቤቱ በር ላይ ተቁሞ ወደ መንገዱ የተነሣውንም አስልክ፤ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር ያለው በዚያ በኩል ነውና። ከሁሉ በላይ ደግሞ በስፍራው ያለ የምታምነው ሰው ሄዶ ሳያይልህ ገንዘብ አትላክ።

ወደ መምህሩ ቤት እንመለስ። ጓደኛችን ቤቱን ለመግዛት አቅሙ ባይፈቅድለትም፣ በሌላ ቀን ካሜራ ይዘን ተመለስን። መምህሩ ግቢውን አስጠርገው፣ መስኮቱን አስወልውለው ጠበቁን። ከመንገዱ ማዶ ያሉት እመቤት ከሰገነታቸው ላይ እንድንቆም ፈቀዱልን፤ ቡናም አፈሉልን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የበረንዳውና የሳሎኑ መብራት ሲበራ ጥርብ ድንጋዩ ወርቃማ መልክ አወጣ። የመብራቱ እንጨት በስፍራው አለ፤ የጎረቤቱ ሕንጻም በስተግራ ይታያል፤ የኮኩ ዛፍም ከደረጃው አጠገብ ቆሟል። መምህሩ ፎቶግራፉን አይተው፣ «አሁን የኔ ቤት ነው» አሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ማስታወቂያው ከተለወጠ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ግን ከበር አልተመለሱም፤ እስከ ጓሮው ድረስ ገብተው አዩ፣ በበረንዳው ላይም ተቀምጠው ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።